የተቃጠለ አየር ለአራስ

በጂንካ መንገድ የወይጦን ቆላ ሙቀት የቀመሰ ሰው ይመስክር። መኪና ውስጥ ሁሉም በላብ ተነክሮ፣ አንዱ መስኮት ከፈት ሲያደርግ፣ ከኋላ «ኧረ ዝጉት፣ ነፋስ ሊጨርሰን ነው» የሚል አይጠፋም። እኛ እኮ ጎርፍ አንፈራም፣ እሳት አንፈራም፤ ነፋስ ግን እንፈራለን። ነፍስና ነፋስን የምትለያቸው አንዲት ፊደል ሆና ሳለ ለምን እንደተጣሉ አይገባኝም።

በደርግ ጊዜ ጂንካ ውስጥ የሳይንስ አስተማሪ ነበርኩ። ከትምህርቱ ሁሉ የምወደው የአየርን ነው። አየር ውስጥ ብዙውን ቦታ የያዘው ናይትሮጅን ነው። እንደ ቀበሌ ስብሰባ ሕዝብ ማለት ነው፤ ብዙ ነው፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል። (ይህቺን ምሳሌ ክፍል ውስጥ አልተናገርኳትም፤ አላበድኩም።) ሥራውን የሚሠራው አንድ አምስተኛ ገደማ የሆነው ኦክስጅን ነው። እሱን ወደ ውስጥ እናስገባለን፣ የበላነው ምግብ በሰውነታችን ውስጥ ይቃጠልበታል፣ ከዚያ የተቃጠለ አየር እናስወጣለን። ዕፅዋት ደግሞ የተቃጠለውን አየር ተቀብለው በፀሐይ ምግባቸውን ይሠሩበታል፣ ለእኛም ኦክስጅን ይመልሱልናል።

ይህን የሰማ አንድ ተማሪዬ ለአባቱ ይነግራል። አባትየው አቶ ላሌ ይባላሉ፤ የአሪ ገበሬ ናቸው፣ ጎረቤቴም ናቸው። በአጥር በኩል ጠርተው «መምህር፣ እንሰት የኛ ትንፋሽ ይበላል ያልከው እውነት ነው?» አሉኝ። እውነት ነው አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ልጆቻቸውን እንሰቱ ሥር አሰልፈው ያስተነፍሷቸው ጀመር። አንዱ እንሰት ቀጨጨብዎ ብላቸው፣ እዚያ ጋ የሚቆመው ልጅ ሰነፍ ነው፣ በደንብ አይተነፍስም አሉኝ። ቀልዳቸውን ይሁን የምራቸውን እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ነገርን ነገር እያነሳው ልነግራችሁ ካሰብኩት ጭንቄ ራቅሁ። ባለቤቴ ብርቱካን የመጀመሪያ ልጃችንን ወለደች። እናቷ እማማ ወርቄ ሊያርሷት ከሳውላ መጡ። ቤታችን የምኮራበት ቆርቆሮ ቤት ነው፤ ግድግዳው ጥሩ ሆኖ የተመረገ፣ ኮርኒሱም አቡጀዲ። ሣር ቤት ቢሆን ኖሮ በጣሪያው ይተነፍስ ነበር። እማማ ወርቄ የመስኮቱን ስንጥቅ ሁሉ በጨርቅ ጠቀጠቁት። በሩ ሥር ጆንያ አጋደሙ። መሐል ላይ የከሰል ማንደጃ አስቀመጡ። ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ የሚነሳው ነፋስ በሬ ያንገዳግዳል፣ ለአራስ አይመለስም ነው የሚሉት።

እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ኦክስጅኑን ይጨርስና ሽታም መልክም የሌለው መርዝ ያወጣል። ደም ደግሞ ሞኝ ነው፤ ኦክስጅኑን ትቶ መርዙን ያቅፋል። ይህን አስተምሬዋለሁ። አማትን የማስተማሪያ መጽሐፍ ግን ማን ጻፈ? እማማ ወርቄ አንቱ ነው የሚሉኝ። አንቱ ከሚል አማት ጋር እንዴት ተብሎ ሙግት ይገጠማል? እንደምንም ጉሮሮዬን ጠርጌ «እማማ፣ ቤቱን የተቃጠለ አየር እየሞላው ነው» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። «ተመስገን። ከተቃጠለማ ሞቅ ያለ ነው። ለአራስ ከዚህ ሌላ ምን ይፈለጋል፣ መምህር?»

ያንን ቃል ያወጣ ሰው ጉዱን ይየው። «የተበላሸ አየር» ቢለው ምን ነበረበት?

በማግስቱ ከሰዓት የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። ዝናብ ይጥላል። በዚያ ዘመን ስብሰባ ጥሎ መውጣት ምን እንደሚያሰኝ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሊቀ መንበሩ ስለ ምርት ዕድገት ይናገራሉ፤ እኔ የማስበው ማንደጃውን ነው። ዝናብ ሲበረታ እማማ ወርቄ ከሰል ይጨምራሉ። አሁን ጨምረው ይሆን? ጨቅላ ሳንባ ምን ያህል ይችላል? ሊቀ መንበሩንም ፈራሁ፣ ቤቴንም ፈራሁ። በመጨረሻ ሆዴን ይዤ ተነሳሁ። «ወዴት ነው፣ ጓድ?» ሲሉኝ ሆዴን ነው ብዬ ወጣሁ። ከዚያ እግሬ አውጪኝ አልኩ።

በሩን ባንኳኳ ዝም። ብርቱካንን ብጣራ ዝም። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኼ ነው። በትከሻዬ ገፍቼ ገባሁ። እማማ ወርቄ ግድግዳውን እንደተደገፉ አንገታቸው ተንጠልጥሏል። ብርቱካን ዓይኗ ይንከራተታል፣ መነሳት አልቻለችም። ሕፃኗን ከነመጠቅለያዋ አፍሼ ደጅ ወጣሁ። ነፋሱ ፊቷን ሲመታት አላለቀሰችም። እኔ የሞትኩት እዚያች ላይ ነው። ከዚያ አፏን ከፈተችና ጮኸች። በዕድሜዬ እንደዚያ ጩኸት የጣመኝ ድምፅ የለም።

አቶ ላሌ ሰምተው ሮጠው መጡ። እሳቸው እማማ ወርቄን፣ እኔ ብርቱካንን ይዘን በረንዳው ላይ አወጣናቸው። ማንደጃውን አቶ ላሌ ዝናብ ላይ ደፉት። ጎረቤቱ ተሰበሰበ። እማማ ወርቄ ቀስ እያሉ ነቁ፣ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። እንግዲህ አሁን ይገባቸዋል ብዬ ጠበቅሁ።

«ራሴን ለሁለት ፈለጠኝ» አሉ። «አላልኩም? በሩ ገና ከመከፈቱ ነፋሱ ሦስታችንንም መታን።»

ጎረቤቱ ሁሉ አንገቱን ነቀነቀ። አራስ እንዴት በዝናብ ደጅ ይወጣል ብሎ ያልወቀሰኝ የለም። ከዚያ ወዲያ ማንደጃው አራሷ ካለችበት አልገባም፤ ትምህርቴ ሠርቶ ግን አይደለም። «እማማ፣ እሳት እኮ ነፋስ ይስባል» ስላቸው ራሳቸው አንስተው ደጅ ጣሉት። መቼም እሱም ሳይንስ ነው።

ልጄ ዛሬ የልጆች እናት ናት። ራሷን ባመማት ቁጥር ትደውልና «አባዬ፣ ያኔ በአራስነቴ ነፋስ ያስመታኸኝ ነው» ብላ ሳታቋርጥ ትቆጣኛለች። እኔም አልከራከራትም። እንዲህ የምትቆጣበት ትንፋሽ ካላት ምን ቸገረኝ?