በሹክሹክታ የቆመው ገበያ

ጠጋ በሉ እስቲ፣ እሳቱ ለሁላችንም ይበቃል። ኅዳር ነው። የጭላሎ ብርድ እንደሆነ በር አንኳኩቶ አይገባም።

ዛሬ ልጆቻችን «ገበያው ራቀን» ሲሉ እሰማለሁ። ደጃቸው ላይ ያለውን ገበያ! ከሰማይ የወረደ ይመስላቸዋል መሰል።

በጃንሆይ ጊዜ ለእኛ ለዳገት ሰዎች ገበያ ማለት አሰላ ነበር። ዶሮ ሲጮህ ገብስ ተሸክሞ መውረድ፣ ሲመሽ ያንኑ ዳገት እያለከለኩ መውጣት። እኔስ ደህና ነበርኩ። ጎረቤቴ አያንቱ ግን ባሏ ሞቶባታል፣ ጉልበቷም ቁልቁለት እምቢ ብሏታል። ስለዚህ ገብሷን ደጇ ድረስ ለሚመጣ ነጋዴ ትሰጣለች። የሚሰፍርበትን ዕቃ እሱ ጣሳ ይለዋል፤ እኔ በርሜል ነው የምለው። አያንቱ «ያ ረቢ! ይሄ ሰውዬ አንድ ቀን እኔንም ሰፍሮ ይወስደኛል» እያለች ትስቃለች። ትሳቅ እንጂ፣ የልጆቿ እህል ክረምቱን አይዘልቅም ነበር።

እንግዲያው እዚሁ ገበያ እናቁም አልን። አፋፉ ላይ ያለው መስክ የግራዝማች ዘለቀ ነው። ሄደን ደጅ ጠናን። «ገበያ እንደ ጎመን የሚተከል መሰላችሁ?» ብለው ሳቁብን። ሲበቃቸው ግን ሦስት ሳምንት ፈቀዱ። በሦስተኛው ባዶ ካገኙት ሊያሳርሱት።

ቀን መምረጡስ ቀላል መሰላችሁ? ዓርብ ጁምዓ ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነው። ቅዳሜ የአሰላ ነው። ረቡዕ ጾም ስለሆነ ቅቤ የያዙት ጮኹ። ሐሙስ የዕድር ሰዎች ተቆጡ። ሰኞን ማንም አልወደደውም፤ ምክንያቱንም የነገረን የለም። ማክሰኞ ተረፈች።

የመጀመሪያዋ ማክሰኞ አገሩ ነቅሎ ወጣ። እልል አልን። ከዚያ ጆንያችንን ፈታን። የኔ ገብስ። የአያንቱ ገብስ። የማዶዎቹም ገብስ። ታዲያ ምን ይሁን? የምናበቅለው እሱን! ኦቦ ቱፋ የሚባሉ ሽማግሌ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዞረው አዩንና፣ «ሁላችሁም ሻጭ ከሆናችሁ ገዢው ማነው፣ ጅብ ነው?» አሉ። በሁለተኛዋ ማክሰኞ ሰው አፍሮ ቀረ። የግራዝማች አራሽ መጥቶ መሬቱን በዱላው እየወጋ ሄደ። አያንቱ ያን ቀን አልሳቀችም።

እኔ ነጠላዬን አጣፋሁና ሁሩታ ወረድኩ፤ በርበሬ ሻጮች ጋ። ኑልን ብዬ ለመንኩ። «እዚህ ተቀምጠን እየሸጥን ምን ዳገት አስወጣን?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሰው ሲለመን ይኮራል። ይኼኔ ዘይነባ ትዝ አለችኝ። ዘይነባ በርበሬዋ ጥሩ ነው፤ ወሬ ግን ሆዷ ውስጥ አያድርም። ጆሮዋ ሥር ገብቼ፣ «ላንቺ ብቻ ነው፤ እኛ ጋ ገብስ ሞልቷል፣ አንድ የበርበሬ ነጋዴ የለም። አደራ፣ ለማንም እንዳትነግሪ» አልኳት። «ወላሂ፣ አፌን ተዘግቷል በይው!» ብላ ማለችልኝ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ?

በሦስተኛዋ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ አቧራው ጤሰ። ከፊት ዘይነባ በአህያዋ። ከኋላዋ እህቷ። ከእህቷ ኋላ ምራቷ። ከምራቷ ኋላ መላው የሁሩታ በርበሬ! ዘይነባ ዞር ብላ አየቻቸውና ወደኔ መጣች። «ላንቺ ብቻ አላልሽኝም ነበር?»

«እኔማ ላንቺ ብቻ ነው የነገርኩ። አንቺስ ለስንት ሰው ነገርሽ?»

«ለእህቴ ብቻ!» አለችና ሳቋ አመለጣት።

የተጫነ በርበሬ ይዞ ማን ይመለሳል? በገብስ ይለውጡት ጀመር። አያንቱ በገዛ ጣሳዋ፣ በትንሿ፣ የገበያው ሰፋሪ ሆና ተቀመጠች። ያ ነጋዴም ዕቃውን አንጠልጥሎ መጣላችሁ። «ያንን በርሜል ውሃ ቅዳበት፣ ወንድሜ!» አለችው። አገር ሳቀ።

ግራዝማች በበቅሎ ደረሱ፣ በሬዎቹን አስከትለው። መስኩ ሞልቶ መቆሚያ የለም። በርበሬው አፍንጫቸው ገባና ደጋግመው አነጠሱ፤ በሬዎቹም አነጠሱ። «ይማርዎ!» አለ ገበያው በአንድ አፍ። እሳቸውም «ያልኩትን ብያለሁ» ብለው በሬዎቹን መለሱ።

ምስጢር ጠብቁ እያሉ የሚመክሩ አሉ። ዘይነባ ምስጢር ብትጠብቅ ኖሮ እዚያ ዛሬ ስንዴ ነበር የሚታጨድ።

ግን ልባችን አላረፈም፤ የባላባት ቃል እንደሰማይ ነው፣ ይዞራል። በሚቀጥለው ሳምንት ከአሰላ ቀራጭ መጣ፤ የገበያ ቀረጥ የሚያስከፍለው። ቀራጭን የሚወድ አገር አይታችኋል? እኛ ግን «መንግሥት ቀረጥ የሚሰበስብበትን መስክ ማን ደፍሮ ያርሳል?» ብለን ደስ አለን። መጀመሪያ እልል ያለች አያንቱ ናት፤ ከዚያ ሁላችን። ቀራጩ ደንግጦ ከኋላው ማን ትልቅ ሰው እንደመጣ ዞሮ አየ።

አያንቱ ልጆቿን በዚያው ገብስ አሳድጋ ዳረች። ዘይነባ አፋፉ ላይ ቤት ሠርታ ቀረች፤ እስክትሞት ወሬ አልጎደለብንም። ግራዝማች ገበያው በስማቸው ሲጠራ ደስ ብሏቸው ኖሩ። ያ ነጋዴ አተር መነገድ ጀመረ፤ ጣሳውንም አሳነሰ። ቀራጩ ወደ ጮሌ ወረዳ ተዛወረ። እዚያ በደረሰ ቀን ማንም እልል ስላላለለት፣ አሉ፣ በጣም ከፋው።