ጤና ጣቢያ የገቡት የከብት ደላላ

በየከተማው ሐኪም የሚፈራው አንድ ሰው አይጠፋም። ሰውየው በሽተኛ አይደለም፤ በሽተኛ ይዞ የሚመጣ ነው። ሐይቅ ላይ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር ሐጂ ኡበይድ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት በከብት ደላላነት የኖሩ፣ ጥርሱን ሳያዩ በሬ፣ ጥቅሙን ሳይጠይቁ መርፌ የማይገዙ።

የጤና ጣቢያው ነርስ ሲስተር ወይኒቱ ነጭ ጥምጣማቸውን ከበሩ ባየች ቁጥር ራሷን ያማት ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ሲታመም እሳቸውን አስከትሎ ይመጣላ!

"ልጄ፣ ይህ ምርመራ ምን ይነግረናል?" ይሏታል። ትነግራቸዋለች። "ውጤቱ ቢለያይ መድኃኒቱ ይለያያል?" ይሄኔ አንዳንዴ አላውቅም ብላ ምርመራውን ትሰርዛለች።

ጎረቤታቸው ሰዓድ ሲያስለው አንድ የግል ክሊኒክ አምስት ምርመራ አዘዘለት፤ ሐጂ አንድ በአንድ እያነሱ ሲጠይቁ ሦስቱ ረገፉ። መድኃኒት ቤት ገብተው "ካርቶኑ ያማረውን ተወውና ያንኑ መድኃኒት በርካሹ አምጣ" እያሉ ባለቤቱን ያስጨንቁታል። የጤና መድኑን ያላደሰ ሰው ካገኙማ መስጊድ በር ላይም ቢሆን አይምሩትም። አንዴ ወይኒቱ ለደከማት ሴት ግሉኮስ ልትሰቅል ስትል፣ "ስኳርና ውሃውን በአፏ ብትጠጣውስ? አፏ ደህና አይደል?" አሏት። ሴትዮዋ ጠጥታ ተነሳች። ወይኒቱ ሳምንት ሙሉ ተናደደች፤ ያናደዳት ትክክል መሆናቸው ነው።

ያን ማክሰኞ ግን ይዘው የመጡት የገዛ ሚስታቸውን፣ ወይዘሮ መሪማን ነበር። አልጋው ላይ እንደተጣጠፉ ቀርተዋል። ወይኒቱ የሆዳቸውን ቀኝ ጎን ነካ ስታደርገው ጮኹ። ሆዳቸው ደርቋል፤ ትኩሳታቸው እጅ ያቃጥላል።

"ሐጂ፣ ትርፍ አንጀት ነው የምጠረጥረው። የፈነዳም ይመስለኛል። አሁኑኑ ደሴ መሄድ አለባቸው፤ አምቡላንሱ በር ላይ ነው።"

"ደሴ ሄዳ ምን ትሆናለች?"

"ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸዋል።"

"በመድኃኒት አይመለስም?"

"ከፈነዳ አይመለስም።"

"ከተሳሳትሽስ?"

"ከተሳሳትሁ በከንቱ ሄዳችሁ ትመለሳላችሁ። ካልተሳሳትሁና እዚህ ከቆያችሁ ይሞታሉ።"

ሐጂ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ግቢው መውጫ መራመድ ጀመሩ።

ወይኒቱ ክው አለች። አባቷ በሬ ሻጭ ስለነበሩ ይህን እርምጃ ታውቀዋለች። ከብት ተራ ላይ ዋጋ ሲከብድ ገዥው ትቶ ይሄዳል፤ ሻጩ እስኪጠራው ድረስ ዞሮ አያይም። ዞሮ ካየ ተሸነፈ። ሻጩ ቀድሞ ከተጣራ ደግሞ ዋጋውን የሚቆርጠው ገዥው ነው። ሐጂ ሠላሳ ዓመት ዞረው አያውቁም። በሕይወት ላይም እንዲህ ይቀለዳል? ሮጣ ብታንቃቸው በወደደች። ስንት ዓመት ሲረቷት ኖረው ዛሬም እሷው ትጣራ? ከኋላዋ ወይዘሮ መሪማ አቃሰቱ።

"ሐጂ! ይመለሱ! እሺ፣ አንቱ አሸነፉ፤ የሚሉትን ይበሉ!"

ዞሩ። ጢማቸው በእንባ ርሷል።

"አብረሽን ሂጅ" አሉ። "የምለው ይኸው ነው። የደሴ ሐኪሞች የጠየቅኋቸውን ይመልሱልኝ ይሆናል፤ እውነት ይሁን አይሁን በምን አውቃለሁ? አንችን ግን ስንት ዓመት ጠየቅሁሽ፤ የማታውቂውን አውቃለሁ ብለሽኝ አታውቂም፣ ወላሂ!"

"ታዲያ ይህን በአፍዎ አይሉኝም ነበር?" ጮኸችባቸው።

"ለምኜ አላውቅማ፣ ልጄ።"

ወይኒቱ ተራዋን ለባልደረባዋ ሰጥታ አምቡላንሱ ውስጥ ገባች። ሾፌሩ ፈንታሁን በጡሩምባ መንገድ እያስከፈተ ደሴ አደረሳቸው።

ሆስፒታሉ ውስጥ የስምምነት ወረቀት ሲቀርብላቸው ሐጂ አንድም ነገር ሳይጠይቁ ፈረሙ። ስንት ቀን ትተኛለች? አላሉም። ማን ነው ቀዶ ሕክምናውን የሚያደርግላት? አላሉም። ኮሪደሩ ላይ ኩርምት ብለው ተቀመጡ። ዝምታቸው ወይኒቱን ከበሽታው በላይ አስፈራት።

"ሐጂ፣ በእመቤቴ፣ የሆነ ነገር ይጠይቁኝ!"

ቀና ብለው አዩዋት። "ትድናለች?"

አዎ ማለት ቀላል ነበር።

"አላውቅም" አለችና እጃቸውን ያዘች። ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እጃቸውንም አላስለቀቁም። ይህን አስቸጋሪ ሽማግሌ እንደ አባቷ እንደምትወዳቸው ወይኒቱ የገባት ያን ጊዜ ነው። የቀዶ ሕክምናው ክፍል በር እስኪከፈት ድረስ እንደዚያው ተያይዘው ተቀመጡ።

አመሻሹ ላይ ወይዘሮ መሪማ ዓይናቸውን ገለጡ። ባላቸው እግራቸው ሥር እንቅልፍ ጥሏቸዋል።

"ሲስተር" አሉ በደከመ ድምፅ፣ "ሐጂ ሐኪሞቹን ሲከራከሩ ዋሉ?"

"ኧረ አንድ ቃል አልተናገሩም።"

የወይዘሮ መሪማ ዓይን ፈጠጠ።

"ያ ረቢ! ልሞት ነበር በይኛ!"