ጋሽ አቤት እና ሁለተኛው በር

በየሰፈሩ መንግሥትን ከገዛ መመሪያው ለማዳን የተወለደ አንድ ሰው አይጠፋም። እኛ ሰፈር የለም የምትሉ ካላችሁ፣ ሰውዬው እናንተው ናችሁ ማለት ነው።

የእኛው፣ ግድግዳ የምንጋራቸው ክቡር ጋሽ አቤት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አናጢ። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን። "አቤት!" ብለው ሳይጮኹ የወጡበት መሥሪያ ቤት የለማ። ሲጠሯቸውም "አቤት!" የሚሉት ግቢውን በሚያናውጥ ድምፅ ስለሆነ፣ ጠሪው ደንግጦ ለምን እንደጠራቸው ይረሳል።

ቀን የወጣላቸው "የሚያማርራችሁን መመሪያ ጠቁሙ" የሚል ማስታወቂያ ወረዳው በር ላይ የተለጠፈ ዕለት ነው። እኛ አንብበን፣ ስቀን አለፍን። እሳቸው ሸሚዛቸውን ተኩሰው ሄዱ። ለመጠቆም ግን የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልግ ኖሯል።

"ልጄ፣ ጫማ የጠበበው ሰው እግሬን አመመኝ ለማለት ደብዳቤ ያጽፋል?" አሏት መስኮቱ ጋ ያለችውን ሠራተኛ።

"ያምጡ ነው የሚለው፣ አባባ።"

"ማነው የሚለው?"

"መመሪያው።"

"እሱን ልከስ አይደል እንዴ የመጣሁት!"

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላቸው! ጡረተኛ በአካል ቀርቦ እንኳ በሕይወት ለመኖሩ ምስክር ያቅርብ የሚለውንም ጠቆሙ። "ፊታችሁ ቆሜ እየጮህኩ ምን ምስክር ያስፈልጋል?" ብለው ሕንፃውን በሙሉ ምስክር አደረጉት። እኛ ማታ ማታ እየተረክን እንስቅባቸው ነበር።

ሳቃችን የቆመው ነገሩ እህቴ ደጅ ሲደርስ ነው። እህቴ ፀጉር የምትሠራውም፣ ልጆቿን የምታሳድገውም ከጋሽ አቤት መኝታ ቤት ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ተቆጣጣሪ መጥቶ ፀጉር ቤት ሁለት መውጫ ሊኖረው ይገባል፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተከፈተ ይታሸጋል አላት። ሁለተኛ በር ቢከፈት ደግሞ የሚያወጣው ጋሽ አቤት አልጋ ላይ ነው። እህቴ አለቀሰች። እኔ ሌላ ቤት እንፈልግ አልኩ። ጋሽ አቤት ጠቆሙ፤ "ይጠብቁ" ተባሉ።

ወሩ ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት የመዶሻ ድምፅ ሰማን። ብንሮጥ፣ ጋሽ አቤት አልጋቸውን ጥግ አስይዘው የገዛ ግድግዳቸውን ይንዳሉ።

"ጋሽዬ! ምን ነካዎት?"

"መመሪያውን አልቀበለውም። እሷ ግን መሥራት አለባት።"

በሩንም ራሳቸው ሠርተው ገጠሙት። ተቆጣጣሪው ገባ፣ አልጋውን ዞረ፣ በጋሽ አቤት ሳሎን ወጣና "ተሟልቷል" አለ።

የጥቆማቸው መልስ ቆይቶ መጣ፦ ለአንድ ክፍል ሱቅ አንድ በር ይበቃል። ጋሽ አቤት አሸነፉ! እህቴ በደስታ "አሁንማ ግድግዳዎን ላስደፍንልዎት" ብትላቸው ቱግ አሉ። "ድፈኑ የሚለው የትኛው መመሪያ ነው?" ለካ ለምደውታል። ካስክ ሥር ፀጉራቸውን የሚያደርቁ ደንበኞች በበሩ በኩል "ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?" ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ወንበራቸውን ደፉ ላይ አድርገው የያንዳንዷን ምሬት ይሰማሉ።

ባለፈው ሳምንት ያ በር ሳይከፈት ረፈደ። እህቴ ማበጠሪያዋን እንደያዘች ቀረች። እኔ አንኳኳሁ።

"ጋሼ!"

ዝም።

"ጋሽዬ!"

ዝም። ያን ጩኸታቸውን ስንት ጠዋት እንዳላማረርኩበት፣ አሁን አንዴ ብቻ ብሰማው ብዬ ተመኘሁ። ምን ያህል እንደምወዳቸው ያወቅኩት እዚያ በር ላይ ነው። ልገፋው ስል፦

"አቤት!"

ካስኩ ሳይቀር ተንቀጠቀጠ።

"ተኝተው ነው እንዴ?" አልኩ።

"ተኝቼ ነዋ! መተኛት የሚከለክል መመሪያ ወጣ? ንገረኝ፣ አሁኑኑ ሄጄ እጠቁማለሁ!"

ጋሽ አቤት በሕይወት ለመኖራቸው ዛሬም ምስክር የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ካለ፣ እኔን ይጥራኝ። አቤት እላለሁ።