የፓስተር ዕንባቆም የባሕር ማዶ ወሬ

በየሰፈሩ ባሕር ማዶ ደርሶ የመጣ አንድ ሰው አይጠፋም። ሻንጣው ከተፈታ ወር ቢያልፈውም ወሬው ገና ተፈትቶ አያልቅም። የሌላውን ሰፈር አላውቅም፤ ለእኛ ለቁስቋም ሰፈር ሰዎች የደረሱን ግን ክቡርነታቸው ፓስተር ዕንባቆም ናቸው፤ ሦስት አህጉር የረገጡ፣ በጎበኙት የወንጌል ሚሲዮን ሁሉ እንጀራ አለ ወይ ብለው የጠየቁ።

"በዓይኔ ነው ያየሁት!" ይላሉ፣ ገና ሳይቀመጡ። አላዩም ያላቸው ግን የለም።

መለኪያቸው ሁለት ነው። ሕዝብ በማክሰኝት ገበያ ይለካል፣ ብርድ በደጋው በደባርቅ። ህንድ ውስጥ ተራራ ላይ ያለው ሚሲዮን "ሦስት ደባርቅ" ይበርዳል። ማላዊ ሐይቅ ዳር የሚዘምረው ሕዝብ መጀመሪያ ሁለት ማክሰኝት ነበር፤ ለፋሲካ አምስት ደረሰ። እኔም መሳቅ እጀምርና መሐል ላይ አፌን ከፍቼ እቀራለሁ። በዚያ በሦስት ደባርቅ ብርድ፣ አንዲት አሮጊት ነርስ አርባ ዓመት ሙሉ የሥጋ ደዌ ሕመምተኞችን እግር ስታጥብ እንደ ኖረች ሲነግሩኝ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። "ስሟን ስጠይቃት" አሉ፣ "'ቆይ፣ ውኃው ይቀዘቅዝብኛል' አለችኝ።" እንዲህ ያለውን ከሆዱ የሚፈጥር ሰው የለም።

ወሬው የሚወራው እኔ ደጃፍ ላይ ነው። እኔ የእናታቸው የእማማ ወለተ ሚካኤል ተከራይ ነኝ፤ ደጃፌም ከመስኮታቸው ፊት ለፊት ነው። እማማ የመሪጌታ ሚስት ነበሩ። ልጃቸው ፕሮቴስታንት ከሆኑ ጀምሮ፣ እነሆ አሥራ አንድ ዓመት፣ አንዲት ቃል አልተነፈሱላቸውም። ፓስተር ከየጉዞው በተመለሱ ቁጥር መስኮቱ ሥር ቆመው "እምዬ፣ ደኅና ሰነበትሽ?" ይላሉ። እማማ ጥጣቸውን ይፈትላሉ። ፓስተርም መጥተው እኔ ዘንድ ይቀመጡና፣ እኔ አንድ ክንድ ርቀት ላይ እያለሁ፣ ማዶ ሰፈር ላለ ሰው እንደሚናገሩ ይጮኻሉ። የሰባኪ ልማድ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ግን፣ ልክ ነርሷ ጋ ሲደርሱ፣ የእማማ እንዝርት ቆመ። ከዚያ ወዲህ እኔም "አልሰማሁም፣ እስቲ ይድገሙልኝ" ማለት ጀመርኩ።

ዘንድሮ እማማ ሰማንያ አራት ዓመት ሞላቸው፤ ክረምቱንም በሳል ተኝተው ከረሙ። "ሳታናግረኝ ብትሞትስ?" አሉኝ ፓስተር፣ ዳግመኛ ወደ ማላዊ ሲነሡ። ሻንጣቸውን አንሥቼ እስከ መንገድ ሸኘኋቸው።

ባለፈው ሳምንት ተመለሱ። መስኮቱ ሥር ሰላምታቸውን ሰጡ፤ መልስ የለም። መጥተው ተቀመጡ።

"ጉድ ሆኛለሁ" አሉ። "አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ ጠርተውኝ፣ ከኢትዮጵያ የመጣው እንግዳ ይቅደም ብለው ሕዝቡ ከኋላዬ ተሰልፏል። በሩ ላይ ስደርስ ምን እንደ ነካኝ አላውቅም፣ ጫማዬን አወለቅሁ። ጎንበስ ብዬም ደጁን ተሳለምኩ፤ ልጅ ሆኜ እምዬ እጄን ይዛ ቁስቋምን እንዳሳለመችኝ። እኔ! ፓስተሩ! ቀና ስል የሚሲዮኑ ሰዎች አፍጥጠው ያዩኛል። እንዴት እንዳፈርኩ! ዞር ስል ከኋላዬ ያሉት ሽማግሌ ጫማቸውን እየፈቱ ነው። ከእሳቸው ቀጥሎ ያሉት አሮጊትም። የኢትዮጵያ ሥርዓት ነው ብለው፣ ያ ሁሉ ሕዝብ፣ አንድ በአንድ፣ ደጁን እየሳመ…"

እዚህ ላይ አቋርጠው ዓይናቸውን ጠረጉ።

"ምነው ዝም አልህ?" የሚል ድምፅ ከመስኮቱ መጣ። "ግባና ንገረኝ እንጂ። ከዚያስ?"

ሦስት አህጉር የረገጡት ሰው አሥር እርምጃ መራመድ አቃታቸው፤ ክንዳቸውን ይዤ አስነሣኋቸው። ገቡ። እኔም የቀረውን ከአፋቸው ልሰማ ጓጉቼ ደጃፌ ላይ ጠበቅኋቸው። እስኪመሽ አልወጡም።