ደብተር መርማሪው አቶ ይርሳው

ደብተር መርማሪ አባት የሌለበት መዋዕለ ሕፃናት በአገራችን ተፈልጎ አይገኝም። ገና በሩ ላይ ሆኖ የልጁን ቦርሳ ይበረብራል፤ የልጁን ፊት የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው። በ2003 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ዜሮ ክፍል ሳስተምር የደረሱብኝ ግን የመርማሪዎች ሁሉ አለቃ፣ ክቡር አቶ ይርሳው ነበሩ።

ከቋሪት ገጠር መጥተው በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የገቡ ሰው ናቸው። ሥራቸው ወረቀት ነውና ያልተጻፈ ነገር አያምኑም። አንድ ቀን የልጃቸው የፋና ደብተር ላይ ሁለት መስመር ብቻ ቢያገኙ ገልብጠው አራገፉት፤ የቀረው ፊደል የሚወድቅ መስሏቸው እንደሆነ እንጃ።

"መምህርት ያምሮት፣ ልጄ ዛሬ ምን ተማረች?"

"በጭቃ ከብት ሠሩ፣ ዘመሩ፣ ተራ ጠብቀው ውኃ ቀዱ።"

"እሱማ ጨዋታ ነው። ጨዋታው ቤትም አለ!"

ከስልጠና ከተመለስኩ ወር እንኳ አልሞላኝም ነበርና "ሕፃን በእጁም፣ በእግሩም፣ በልቡም ይማራል፤ ሁለንተናዊ ትምህርት ይባላል" አልኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝና "ይሁን፤ ሁለንተናው ደብተሩ ላይ ይጻፍልኝ" አሉ።

ጭንቀቴ ፋና ነበረች። አምስት ዓመቷ ነው፤ ከመስከረም ጀምሮ ክፍል ውስጥ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ጭቃ ስትይዝ ብቻ ማንጎራጎር ጀምራለች። አቶ ይርሳው ደግሞ "እስከ ዓርብ ሀ ሁን ካልጨረሰች የቤት ሥራ የሚበዛበት ሌላ ትምህርት ቤት አስገባታለሁ" ብለው ቆረጡ። እዚያ ዝም ያለች ልጅ ጨዋ ተብላ ትመሰገናለች እንጂ ማንም አያናግራትም።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ሊወስዷት መጡ። ልጆቹ ግቢው ውስጥ በጭቃ በሬዎች ያርሳሉ። አቶ ይርሳው ቦርሳዋን አንሥተው ሊወጡ ሲሉ ድንገት ቆሙ። ልጆቹ ቀንበሩን የበሬዎቹ ወገብ ላይ ጭነውታል።

"ኧረ ምን ጉድ ነው! ቀንበር ወገብ ላይ? እነዚህን በሬዎች ልትገድሏቸው ነው?"

የቋሪት ሰው ይህን አይቶ ማለፍ አልቻለም። በሙሉ ልብሳቸው ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። ቀንበር ጫንቃ ላይ እንደሚውል አሳዩ፤ እርፍ አስጨበጡ፤ ፈር አስቆጠሩ፤ የአራሽ ዜማ እያወጡ ልጆቹን አስቀበሉ። የቢሮ ሰዓት አለፈ። እኔ ስልጠና የተቀመጥኩበትን ሁሉ በአንድ ረፋድ አስተማሩት፤ እያስተማሩ መሆናቸውን ግን አላወቁም።

"አባባ" አለች ፋና አንዱን የጭቃ በሬ እያሳየች፣ ልጆቹ ሁሉ እየሰሟት፤ "ዳልቻ ደክሞታል። ይረፍ።"

ቤት ውስጥ ስትንጫጫ ስለምትውል አልደነቃቸውም። ያስደነገጣቸው የእኔ እንባ ነው።

"ምን ሆኑ መምህርት?"

"እዚህ ስትናገር ዛሬ መጀመሪያዋ ነው።"

ልጃቸውን አዩ፣ ጭቃ የበላውን ጉልበታቸውን አዩ፣ ቦርሳውንም መልሰው አስቀመጡ።

"እንግዲያ ዳልቻ አርፎ እስኪነሣ ትቆይ" አሉ።

ዳልቻ እስከ ሰኔ አልተነሣም። አቶ ይርሳውም ዓርብ ዓርብ ከቢሮ እየጠፉ "ለትምህርት አይደለም፤ በሬዎቹን ልጠይቅ ብዬ ነው" እያሉ ይመጡ ነበር። እንደሳቸው ያለ ረዳት መምህር ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም፤ በጣም ይናፍቁኛል።