ሰርዶው ላይ የቆሙት ሽማግሌዎች

ዝናብን "በረከት ነው" የሚል ሰው ሁሉ ግቢው ተዳፋት ነው! ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፤ ግን እስቲ ጎረቤቶቻችሁን ተመልከቱ። የእኔ ግቢ ሜዳ ነው። አፈሩ ደግሞ ሸክላ፣ ድስት የሚሠራበት ዓይነት። ውሃ ሲያገኝ አይጠጣውም፤ አቅፎት ይተኛል። መስቀል ካለፈ ዝናብ ያበቃል የሚባለውም ለሌላ አገር ሰው እንጂ ለእኛ ለመቱዎች አይደለም።

በዚያ ሰሞን ከጎሬ ሽማግሌ ሊመጣ ነው ተባልን፤ ልጃችንን ሰላምን ለመጠየቅ፣ ለእሑድ። ልጁን እናውቀዋለን፤ ጨዋ ነው። ሰላምም ስሙ ሲነሳ አንገቷን ትደፋለች። ችግሩ ግቢው ነበር። ከአቮካዶው ዛፍ ሥር የነበረው ሳር በዝናብ ብዛት በስብሶ ኩሬ ሆኗል። እንቁራሪት ሳይቀር ገብቶበታል! ጎሬ ኮረብታ ላይ ናት፤ ሰዎቿ ውሃ ሲያልፍ እንጂ ሲቀመጥ አያውቁም። "ረግረግ ውስጥ ያደገች ልጅ" ብለው ቢመለሱስ?

ባለቤቴ ስለ ኩሬው አላሰበም። እኔን ባስጠየቀ ጊዜ አባቴ ሽማግሌዎቹን ሦስት ጊዜ አመላልሰውበታል። ከዚያ ወዲህ ተራውን ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው።

"እኔም ሦስት ጊዜ ነው የማመላልሳቸው!" ይላል ጢሙን እየተላጨ።

ስለዚህ ኩሬው የእኔ ድርሻ ሆነ። ትክክለኛው ብልሃት ቦይ መቆፈር ነበር። እኔ ግን አቋራጭ ታየኝ። በመቱ የማይጠፋ ነገር ቢኖር የቡና ገለባ ነው። ከመፈልፈያው በጋሪ አስመጥቼ ኩሬውን ሞላሁት። ከላይ ከነአፈሩ የተቆረጠ ሰርዶ ደረደርኩበት። ከበሩ እስከ በረንዳው ደግሞ ጠፍጣፋ ድንጋይ አነጠፍኩ። እንግዶቹ በድንጋዩ ያልፋሉ፣ በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ፣ ሰርዶውን በዓይናቸው ብቻ ያያሉ... አለቀ!

ጎረቤቴ እትዬ ጫልቱ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

"ያ ዋቅ፣ አምላኬ! ጭቃውን ምንጣፍ አለበስሽው?"

"ለአንድ ቀን እኮ ነው፣ እትዬ።"

"አንድ ቀን መሆኑን ለጭቃው ነግረሽዋል?"

ቅዳሜ ሲመሽ የወረደውን ዝናብ... ብቻ ተመስገን ብዬ ልለፈው። እሑድ ጠዋት ሰርዶው ታጥቦ ያበራ ነበር።

ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሆነው መጡ፤ አንድ ቄስ፣ አንድ ዝምተኛ ሰው፣ እና የቡድኑ አፈ ጉባኤ ኦቦ ደገፋ፣ እንደ ባሕር ዛፍ ረጅም የሆኑ አዛውንት።

"ግቡ እንጂ፤ ወንበሩ በረንዳው ላይ ነው" አለ ባለቤቴ።

"የመጣንበት ሳይሰማ አንገባም፣ አንቀመጥም" አሉ ኦቦ ደገፋ።

ይህን ረስቼ ነበር! እናንተም ረስታችኋል። ሽማግሌ ግቡ ሲባል አይገባም፤ ተቀመጡ ሲባል አይቀመጥም። ቆሞ ነው የሚለምነው። በጠባቡ ድንጋይ ላይ ደግሞ ሦስት ሰው ጎን ለጎን አይቆምም። በትሕትና ፈቀቅ አሉና ሰርዶው ላይ ተሰለፉ።

እኔ ከወጥ ቤቱ በር ሆኜ አያለሁ። ልጩህ? ሽማግሌ ሲናገር የልጅቷ እናት አታቋርጥም። በልቤ እመቤቴን ለመንኩ።

ኦቦ ደገፋ የልጁን ጨዋነት ሲያወሩ እንደ ወትሮው ረጅም ነበሩ። አያት ቅድመ አያቱ ላይ ሲደርሱ ከባለቤቴ ጋር እኩል ሆኑ። ቄሱ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ዝምተኛው ሰውዬ የአቮካዶውን ቅርንጫፍ ያዙ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ የእኛው ግን አይወስድም፣ ባለበት ይውጣል!

ባለቤቴ ምንም አላየም። ዘመኑን ሙሉ ያጠናውን ንግግር ጀመረ።

"እንግዲህ... ቤተ ዘመድ እንመካከራለን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ብትመለሱ..."

ኦቦ ደገፋ ቁልቁል ተመለከቱ።

"ለመመለስ እኮ መጀመሪያ መሄድ ያስፈልጋል!"

"ሥር ሳንሰድ መልሱን ብትነግሩን" አሉ ቄሱ።

እትዬ ጫልቱ ከአጥሩ ማዶ አልቻሉም። "የሰላም አባት፣ ሰዎቹ አለቁ እኮ!"

ባለቤቴ ግን "በባህላችን..." ብሎ ቀጠለ። እኔ ብዙ የምናገር ሴት አይደለሁም። ያን ቀን ግን ከወጥ ቤቱ አንዲት ቃል አመለጠችኝ።

"ሰጥተናል!"

ባለቤቴ ዞሮ አየኝ። እንደዚያ ያለ ፊት ያየሁት በሬው የሞተበት ገበሬ ላይ ብቻ ነው። ግን ምን ያድርግ? አንዴ ተሰጠ። በገመድና በአካፋ አወጣናቸው። የኦቦ ደገፋ አንድ ጫማ ግን እምቢ ብሎ ቀረ። ሞቅ ባለ ውሃ እግራቸውን አጠብኩ። ይቀየሙናል ያልኳቸው ሰዎች እንባቸው እስኪወርድ ይስቁ ነበር። "በአንድ ቀን የተሳካ ሽምግልና አይተን አናውቅም" ብለው መርቀውን ሄዱ። ልጃችንን ተቀበሉ፤ ጫማ ተውልን።

ቦዩን ሊቆፍር የመጣው ሙሽራው ነው። ሲጨርስ ዝናብ ጣለና ዳርና ዳሩ ተናደ። ተመልሶ ቆፈረ፤ ያኔ ደግሞ ውሃው ቦዩ ውስጥ ተኛ፣ መውረጃ የለውማ! ለሦስተኛ ጊዜ መጥቶ ወደ መንገዱ አዘቅዝቆ ቆፈረና ድንጋይ ደረደረበት። ጫማውም ተገኘ። ባለቤቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ በጣቱ ይቆጥር ነበር።

"ሦስት!" አለ፣ ፊቱ በርቶ። "ሽማግሌ ባላመላልስ አማች አመላለስኩ።"

ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ጠዋት ሰርዶው ላይ በነጠላ ጫማ ሄድኩ፤ አልሰመጥኩም። እውነትም ዝናብ በረከት ነው... አዎ፣ ግቢዬ አሁን ተዳፋት አለው!