እትዬ ስንዱ የምታውቀው ቁጥር

ትናንት በሕልሜ ስልኮች ሰው ሊመርጡ ተሰልፈው አየሁ። እኛ ሰዎቹ በመስታወት መደርደሪያ ውስጥ ቆመናል። የአንዳንዱ ደረት ላይ «አዲስ» የሚል ተለጥፏል፤ የኔ ላይ «ያገለገለ» ይላል።

ስክሪኑ የተሰነጠቀ ወፍራም ስልክ መጣና ወደ እኔ ጠቆመ።

«ይኼኛው ሁለት ሲም ይወስዳል?»

«አይወስድም» አለች ሻጯ፤ እሷም ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልክ ናት። «ደግሞ በአንድ መስመር የተቆለፈ ነው። እህቱ ናት የቆለፈችው።»

እውነቷን ነው። እናታችን ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ እትዬ ስንዱ ናት። የምትኖረው ኮምቦልቻ ነው። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ስልኳ ላይ የተመዘገበ ስም ማንበብ ስለማትችል፣ የኔን ቁጥር ብቻ በዳሰሳ ሸምድዳ ጠዋት ጠዋት ትደውልልኝ ነበር። አምና ኢንተርኔቱ ይሻላል ብዬ ወደ ሌላ ኩባንያ ዞርኩ፤ ቁጥሬም ተቀየረ። ለፋሲካ ሄጄ አዲሱን አስጠናታለሁ አልኩ። ፋሲካ አለፈ፣ ለእንቁጣጣሽ አልኩ። እኔው እንዳልደውልላት ደግሞ «የት ጠፋህ?» ብትለኝ ምን እላለሁ እያልኩ አፈርኩ። ዛሬ ነገ ስል ዓመት ሞላ።

«ቁልፉን ስበሪልኝ» አለ ወፍራሙ ስልክ።

ሻጯ አንገቴ ሥር መርፌ ሰካች። ጭንቅላቴ እንደ መሳቢያ ተንሸራቶ ወጣ። ሲሙን አውልቃ ጥላ ሌላ አስገባችልኝ። ወዲያው የማላውቃቸው ሰዎች ስም አፌን ሞላው። «ገዛኸኝ ቧንቧ! ሐያት አከራይ! ቶሎሳ የድሮው!» እያልኩ ለፈለፍኩ። የራሴን ስም ግን ባስብ ባስብ አጣሁት።

«ኔትወርክ አለህ?» አለኝ ስልኩ።

«ሞልቷል» አልኩት።

ይኼኔ እትዬ ስንዱ በበሩ ገባች። ግድግዳውን እየዳሰሰች መጥታ ፊቴን አገኘችው። ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ አገጬን በተራ እየተጫነች ደወለች። አቤት ልል አፌን ስከፍት የማላውቃት ሴት ድምፅ ወጣ።

«የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም።»

እትዬ ስንዱ አልተቆጣችም።

«ሥራ በዝቶበት ነው» አለቻቸው ስልኮቹን። «ነገ እደውላለሁ።»

ስልኮቹ አፍረው መብራታቸውን አጠፉ። እሷ ግድግዳውን ይዛ ተመለሰች።

«እትዬ! እኔ ነኝ! እኔ ነኝ እኮ!» ብዬ ስጮህ ያቺው ሴት ነገሩን በእንግሊዝኛ ደገመችው።

በራሴ ጩኸት ነቃሁ። እሑድ ጠዋት ነበር። ላብ እንዳጠመቀኝ ስልኬን አንሥቼ ለእትዬ ስንዱ ደወልኩ። ወንድ አነሣው።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?»

«እትዬ ስንዱ የለችም እንዴ? ወንድሟ ነኝ።»

ሰውየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«የድሮው ቁጥርህ እኔ እጅ ነው ያለው» አለኝ። «መጀመሪያ ተሳስተሻል አልኳት። በማግስቱም ደወለች። በሦስተኛው ቀን እንደምን አደርሽ አልኳት። አሁን ሐኪም ቤት ነን፤ ዓይኗን አሳክሜያት ፋሻው ነገ ይፈታል።»

ከወዲያ የእትዬ ስንዱ ድምፅ ተሰማኝ።

«ማነው ወንድምዬ?»

«ቁጥር ተሳስቶ ነው፣ እትዬ» አላትና ዘጋው።